የመልእክተኛው ተራ

መስከረም 18

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ሰላምና ጤና ቀድመዋት ገብተው፣ ወንበር ስበው ይጠብቋት። እኛ ደህና ነን። «ከናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም» ብዬ ልጽፍ ስል እናቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና «ውሸት አትጻፊ፣ ክርም ጎድሎብናል» አለችኝ። ስለዚህ ከናፍቆትና ከክር በቀር የጎደለብን የለም።

እኔን አያስታውሱኝም። እርስዎ ከዚህ ቤት ሲወጡ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ አሉ። እናቴ ግን እርስዎን፣ የአክስቷን ልጅ፣ ሳታነሳ የምትውልበት ቀን የለም። እኛ ቤት እየኖሩ እንደተማሩ፣ የተውኔት መምህር እንደሆኑ፣ ተማሪዎቹ «ጋሼ ገቢር» የሚል ስም እንዳወጡልዎ ሁሉ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አሁን ሳላፍር የማስቸግርዎት።

የማታ ትምህርት ገብቻለሁ። ካለፍኩ መምህር እሆናለሁ። ዘንድሮ የምናጠናው አንድ የጥንት ተውኔት ነው፤ ያ ንጉሥ ልጁን ወደ ጦር ልኮ ወሬውን የሚጠብቅበት አምስት ገቢሩን ሙሉ መከራ የሆነው። እርስዎ ሲያስተምሩት የነበረው ነው አለችኝ እናቴ። የእኛ አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ቃላት ደርድሮ «ገልብጡ» ይልና አቧራውን ከእጁ አራግፎ ይወጣል። ሴራ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጡዘት። ገልብጠናል፤ የገባው ግን የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ነርስ ሴራ የሚለውን አይታ «በማን ላይ ነው ያሴሩት?» ብላ ጠየቀች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መልሱን ግን የሳቁትም አያውቁትም። እባክዎ በሰው ቋንቋ ያስረዱኝ።

ሌላው፣ ለሥራ ብሎ እርስዎ ያሉበት አገር የመጣውን ወንድሜን ምን አደረጋችሁት? ክረምቱን ሙሉ ጻፍን፤ መልስ የለም። ስሙ ሽቦ ነው፤ የስልክ ሽቦ እንኳ ከእሱ የተሻለ ወሬ ያደርሳል ብለው ይንገሩልኝ። እናቴ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች፤ ፖስታ አመላላሹ ሲያልፍ ግን የመኪናዋን መርገጫ ታቆማለች።

ዓይኗም ትንሽ ደክሟል። ክር መሰካት ስላቃታት ጠዋት ሳልወጣ መርፌዎቹ ሁሉ ላይ ሰክቼላት እሄዳለሁ። እርስዎ ግን አያስቡ።

አክባሪዎ

ኅዳር 9

ለድንቢጥ፣

እኔ ስወጣ ድንቢጥ ነበር የምንልሽ፤ አሁን አድገሽ ስለ ጡዘት ትጠይቂኛለሽ! ጤናሽ ይብዛ፣ ትምህርትሽ ይቃናልሽ፣ የእናትሽ የእትዬ ቤት በረከት አይለየው። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። የምሠራበት ሆቴል እንግዳ በዝቶበት ሰነበተ። እኔ ከምድር ቤት ነኝ፤ አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። ከላይ የሚተኙትን ሰዎች አንሶላቸውን እንጂ ፊታቸውን አላይም።

ለነርሷ ጓደኛሽ እንዲህ በያት። ሴራ ማለት አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ሲያመጣው ነው። «ማድረቂያው ተበላሸ፣ እንግዳው ጮኸ፣ አለቃዬ ተቆጣ» ብልሽ ወሬ ነው። «ማድረቂያው ስለተበላሸ አንሶላው እርጥብ ቀረ፤ እርጥብ ላይ ስለተኛ እንግዳው ጮኸ፤ እሱ ስለጮኸ አለቃዬ እኔ ላይ ጮኸ» ብልሽ ግን ሴራ ነው። እኔ የምጮህበት ሰው ስለሌለኝ ሴራው እዚያ ላይ ያልቃል።

መቼት «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። አንድ ነገር ከመሆኑ በፊት መቼና የት እንደሆነ ተመልካቹ ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ መሬት ሳይረግጥ ይቆያል። ግጭት ሁለት ሰው ሲጣላ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ሁለት ነገር ሲፈልግና ሁለቱ አብረው አልሆን ሲሉትም ግጭት ነው። ይኼኛው ይብሳል። ጡዘት ደግሞ ገመዱ ከዚህ በላይ ቢሳብ የሚበጠስበት ቦታ ነው። ገቢርንና ትዕይንትን አላስረዳሽም፤ ስሜን ስላወጡበት ያሳፍረኛል።

ሽቦ ደህና ነው። ሥራው ራቅ ያለ ቦታ ወስዶታል፤ ግድብ የሚሠራበት ነው፤ ፖስታ እንደ ልብ አይገባም። እንዳታስቡ። እትዬ ዓይኗን ሐኪም ትታይ፤ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ነገ አይባልም።

ጋሼሽ

ጥር 2

ለተከበሩ ጋሼ፣

እግዚአብሔር ለእጅዎ ጉልበት፣ ለአለቃዎ ደግሞ ትንሽ ትዕግሥት ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የማድረቂያውን ነገር ሁሉም ጻፈው! አስተማሪው ራሱ ገልብጦ «የማን ትርጉም ነው?» አለኝ። «የዘመድ» አልኩት።

አሁን ሦስት ቃል ቀርቶኛል። ምጸት ምንድን ነው? ሐማርሺያ የሚሉትስ? ሦስተኛው ቃል ሳይሆን ሰው ነው፤ መልእክተኛው። በመጀመሪያው ገቢር ከጦር ሜዳ ይመጣል። የንጉሡ ልጅ መሞቱን ዐይቷል። ንጉሡ ፊት ሲቆም ግን «ሠራዊቱ ደህና ነው» ብሎ ይወጣል፤ እስከ አምስተኛው ገቢር ድረስ አይናገርም። ለምን? ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቃል። ግማሹ ፈሪ ነው ይላል። እኔ ደግ ነው ባይ ነኝ። ሰው ከሰው ፊት ላይ ፈገግታን እንዴት ይነጥቃል? ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለምና ይፍረዱን።

ምክርዎን ሰምተን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የዓይን ግፊት ነው አለ። ቀስ እያለ ከዳር ወደ መሀል የሚያጨልም ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ቶሎ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ማትረፍ ይቻላል። ደስ ብሎኝ ቀጠሮ ልይዝ ስል እናቴ ብድግ ብላ ወጣች።

ለካስ ቃል ገብታለች። ጎረቤታችን የነበረው ልብስ ተኳሽ (ልብስ ነው የሚተኩሰው፣ ሰው አይደለም) ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ሁለቱንም አጥቶ የወጣ ጊዜ ሽቦ በጣም ደንግጦ ነበር። ሊሄድ ሻንጣውን ሲዘጋ፣ «እኔ ተመልሼ እጅሽን ይዤ እስካስገባሽ ድረስ ማንም ዓይንሽን በስለት እንዳይነካው፤ ማይልኝ» አላት። ማለችለት። አሁን «ለልጄ የማልኩትን አልበላም» ብላ ድርቅ አለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከሽቦ የምፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነው። በገዛ እጁ «ፈቅጄልሻለሁ» ብሎ ይጻፍላት። ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅም፤ ስንፍናውን አውቃለሁ። ግድብ ሠሪ አንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም።

አክባሪዎ

የካቲት 20

ለድንቢጥ፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም በያላችሁበት ይድረስ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የእትዬ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ምጸት ስላቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ምጸት ተመልካቹ የሚያውቀውን ባለጉዳዩ ሳያውቀው ሲቀር ነው። ንጉሡ «ልጄ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ» ሲል እሱ ደስ ብሎት ነው፤ ከታች የተቀመጠው ሰው ግን ልጁ መሞቱን ያውቃልና የወንበሩን ክንድ ይጨብጣል። መጮህ ይፈልጋል፤ መድረክ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይሰማም። ሳስተምር «ይህ የተውኔት ትልቁ ደስታ ነው» እል ነበር። ምን ነክቶኝ ደስታ እንዳልኩት አላውቅም።

ሐማርሺያን «ጉድለት» እያሉ ያስተምራሉ። መነሻው ግን ዒላማ መሳት ነው። ወርዋሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሳተው። አንዳንዴ እንዲያውም አጥብቆ ስላነጣጠረ ነው። ንጉሡ ቢያንስ ይወድ ነበር በይ፤ ፈተና ላይ ነጥብ ያሰጥሻል።

ወደ እትዬ ልመለስ። እኔ የአክስቷ ልጅ፣ ታናሿ፣ እዚያ ቤት ያደግሁ ነኝ። በሽቦ ቦታ ሆኜ ፈቅጃለሁ። ቃሉን እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ ኃጢአት ካለውም በእኔ ይሁን። እሱም ቢሆን እዚህ ቢኖር እምቢ አይልም። ነገ ሳትሉ ቀጠሮ ያዙ። ሽቦ ያለበት ቦታ ሰው አይመላለስበትም፤ መልስ ልጠብቅ ካላችሁ ጊዜ ይነጉዳል።

ወረቀቱ አለቀብኝ፤ የቀረውን በሌላ ጊዜ።

ጋሼሽ

መጋቢት 14

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልን። እኛ እንደ ነገሩ ነን።

ሦስት ነገር ጠይቄ ሁለቱን መለሱልኝ። መልእክተኛውን ዘለሉት። ወረቀቱ አልቆ ነው ብዬ ነበር፤ ገልብጬ ሳየው ግን ጀርባው ግማሽ ባዶ ነው። ጋሼ ገቢር ባዶ ወረቀት ሲያባክን አይቼ አላውቅም።

ፈቃድዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ሳቀች። «እሱን እኮ አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ መች ደርሶ ነው ፈቃጅ የሆነው? ቃል የገባሁት ለልጄ ነው» አለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ «ደግሞ ልጄ መጻፍ ካቃተው አፍ የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለውጫለሁ። ካሴት ይላኩልን። አለቃውን ለምነው፣ ወደ ግድቡ የሚሄድ መኪና ፈልገው፣ እንደምንም ብለው ድምፁን ይቅዱልን። አንድ ቃል ይበቃል። ቢሳደብም ግድ የለንም። ቴፕ ከጎረቤት እንዋሳለን።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ሌላ ምርመራ አደረገላት። የግራው አልቋል። ከዚህ በኋላ ምንም ቢደረግ የግራው ዓይኗ አያይም። እኔ ክፍሉ ውስጥ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷ ግን ሐኪሙን «ቀኙ እስከ መቼ ይቆያል?» አለችው። «እስከ ክረምት ካልገባሽ ኃላፊነት አልወስድም» አላት። «ልጄ እስከ ክረምት ይመጣል» አለችው።

ካሴቱን ጋሼ። ስለ ተውኔቱ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም፤ ካሴቱን ብቻ።

አክባሪዎ

ሚያዝያ 25

ለድንቢጥ፣

እንኳን ደስ አለሽ። ሽቦ መጣ! አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ መኪናው እየጠበቀው ነበር። ከስቷል፤ ድሮም ሥጋ አልነበረውም። ድምፁን ልንቀዳ ስንል የምንዋሰው ሰው ቴፑን ይዞ ሄዷል። እጁን ደግሞ ሥራ ላይ ተጋጭቶ በፋሻ ታስሯል፤ ጣቱ ብዕር አይዝም። ምንም የሚያሰጋ አይደለም። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩለት። ከዚህ ጋር አለልሽ። ለእትዬ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ከዚያ ጊዜ ሳትሰጪ ይዘሻት ሂጂ።

ጋሼሽ

«ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ስላልጻፍኩልሽ ይቅር በይኝ፤ ያለሁበት ቦታ ወፍም አያርፍበት። እማዬ፣ ስሄድ ያስማልኩሽ መሐላ ከሕክምና እንደያዘሽ ሰምቻለሁ። ልጅነት ነው፤ ፈርቼ ነው። አሁን ፈትቼሻለሁ። እባክሽ እማዬ ዓይንሽን ታከሚ። ስመጣ አይተሽ እንድታውቂኝ ነው የምፈልገው። እህቴን ሳሚልኝ።

ልጅሽ ሽቦ»

ግንቦት 16

ጋሼ፣

ደብዳቤው ደርሷል። አነበብኩላት።

መጀመሪያ እኔ ደስ ብሎኝ ከበሩ ጀምሬ ነው እየጮህኩ የገባሁት። የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ይድረስ ለምወድሽ እማዬ» ስል እጇን አነሳችና «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «እስከ መጨረሻው አንብቢው» አለች። አነበብኩ። «እማዬ ያለው ስንት ቦታ ነው?» አለችኝ። ቆጥሬ ነገርኳት። ከዚያ መቀሱን በዳሰሳ ፈልጋ ክሩን ቆረጠች።

«ልጄ እማዬ ብሎኝ አያውቅም» አለች።

ትዝ ሲለኝ እውነቷን ነው። እኔ ነኝ እማዬ የምላት። ሽቦ አፉን ከፈታ ጀምሮ «እትዬ» ነው የሚላት። ያስተማርከው አንተ ነህ። ቤታችን ስትኖር «እትዬ ቁልፍ፣ እትዬ ውሃ» ስትል እየሰማ ነው ያደገው። ሰፈሩ ይስቅበት ነበር፤ ጢም አውጥቶም አልተወውም። እሷ «ወልጄህ እትዬ ትለኛለህ? አንድ ቀን እማዬ በለኝ» ብላ ስትለምነው ሰምቻለሁ። ይስቅና «እሺ እትዬ» ይላት ነበር። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣም በሩ ላይ «ደህና ሁኚ እትዬ» ነው ያላት።

«ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁትን ቃል ሌላ ሰው ጻፈልኝ» አለች። እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። ምናልባት ናፍቆት ለውጦት ይሆናል አልኳት። ልጅ ሲያወራ እንደሚሰሙት ሰማችኝ። «በሕይወት ላለ ሰው ሌላ ሰው ደብዳቤ አይፈጥርለትም» አለችኝ።

አላለቀሰችም። «ጋሼሽን ጠይቂልኝ፤ ልጄ የት ነው ያረፈው በይው» አለች። ጠይቄሃለሁ።

ሰኔ 10

ለእትዬና ለድንቢጥ፣

«አንተ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ይገባኛል።

ሽቦ ሞቷል። ባለፈው ነሐሴ ነው። መስከረም ላይ የጻፍሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ እሱ ከተቀበረ ቆይቶ ነበር። ግድብ የለም፤ ሩቅ ቦታም የለም። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከእኔ ሆቴል ሦስት መንገድ አልፎ፣ ፎቅ እየሠሩ ነው የሞተው። መቆሚያው እንጨት ከዳው። ያረፈው በከተማው ዳር ባለው መቃብር ነው፤ የቆመለት ድንጋይ ላይ ስሙን አስጽፌአለሁ። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ።

አላየሁም እትዬ። በዚያ ሰዓት አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። የሥራ መሪው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ቋንቋቸውን በደንብ አልሰማም፤ ኮፍያውን ሳይ ግን ገባኝ። በጥንቱ ተውኔት ሞት ሁሌም ከመድረክ ጀርባ ነው የሚሆነው፤ ሰው መጥቶ ይናገራል። ለዓመታት ይህን አስተምሬአለሁ። ያ ሰው ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም ነበር።

ድንቢጥ፣ የዘለልኩትን ልመልስልሽ። መጻሕፍቱ መልእክተኛ ይሉታል፤ በእኛ አፍ መርዶ ነጋሪ ነው። ፈሪ ነው ያሉትም፣ ደግ ነው ያልሽውም አንቺ፣ ሁለታችሁም ስታችኋል። መርዶ ነጋሪው እስኪናገር ድረስ ልጁ በንጉሡ ቤት ውስጥ በሕይወት አለ። ይበላል፣ ይቀጥናል፣ ደብዳቤ መጻፍ ይሰንፋል። አንቺ «የስልክ ሽቦ ይሻላል» ብለሽ ስትቀልጂበት ሳነብ ሳቅሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እናንተ ቤት እሱ ስላልሞተ እኔም በእናንተ ደብዳቤ ውስጥ ከእሱ ጋር እኖር ነበር። ያንን በገዛ እጄ ማጥፋት አቃተኝ።

በመጀመሪያ «ድንቢጥ ፈተናዋን ትጨርስ» አልኩ። ቀጥሎ «እትዬ ዓይኗን ታክማ ትውጣ፤ በታመመ ዓይን እንዳታለቅስ» አልኩ። ከዚያ ሕክምናው ራሱ እሱን እንደሚጠብቅ ጻፍሽልኝ። እንዲያ ሆኖ ተያዝኩ። ዝም ስል የግራው ጠፋ። በእሱ ስም ስናገር እንዲህ ሆነ።

ስለዚያ ቃል ደግሞ ስሚኝ እትዬ። መጀመሪያ «እትዬ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሳየው የእኔ ድምፅ ነው፤ እኔም እትዬ ነው የምልሽ። ታውቂብኛለሽ ብዬ ቀደድኩት። ልጅ ሆኖ እንዲያ ማለቱን አስታውሳለሁ፤ ሲያድግ የተወው መስሎኝ ነበር። እዚህ ሲያነሳሽ «እናቴ» ነበር የሚለው። ልጅ ለእናቱ ምን ብሎ ይጽፋል ብዬ አሰብኩና እማዬ አልኩ። የእሱ እንዲመስል ብዬ ብቻውን የእሱ የነበረውን ቃል አወጣሁት።

ይቅርታ ብዬ ልጽፍ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ የቀኙ ገና አለ። የማልሽለት ሰው የለምና መሐላውም የለም። ግቢ እትዬ፤ በእናትሽ፣ ግቢ።

ነሐሴ 3

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ሰላም ትልዎታለች። «በእሱ አልፈርድም፤ ቶሎ ቢነግረኝም ያው ነበር» ብላለች። የምጽፍልዎ ስላዘዘችኝ ነው። እኔ ያው ነበር ብዬ አላምንም። የግራው ዓይኗ ይኖር ነበር።

የእርስዎ ደብዳቤ በፈተናዬ ዋዜማ ነው የደረሰው። እናቴ «ሄደሽ ተፈተኚ» አለችኝ፤ ሄድኩ። ስለ መልእክተኛው ጠየቁን። በመጽሐፉ እንዳለው ጻፍኩ። አልፌያለሁ፤ መስከረም ላይ አንድ ትምህርት ቤት ይመድቡኛል። ለእናቴ ስነግራት «እሰይ የእኔ ልጅ» አለችና ፊቷን ወደ መኪናዋ መለሰች። መስፋት ትታለች፤ መቀመጡን ግን አልተወችም።

ቀጠሮ ያዝኩላት። ሐኪሙ ተቆጥቶ ነበር፤ ግን ገና እንሞክራለን አለ። ትናንት ወሰድኳት። እምቢ አላለችም፤ ለብሳ ተነሳች፣ ክንዴን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ኮሪደሩ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ተቀመጥን። አንዲት ሴት ከሕክምና ክፍሉ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወጣች፤ ልጇ ሮጦ ያዛት። ያየሁትን ስነግራት እናቴ «እሰይ፣ አይዟት» አለች።

ተራችን ደርሶ ነርሷ ጠራችን። ተነሳሁ። እናቴ አልተነሳችም። «እማዬ፣ እኛን ነው» አልኳት። ክንዷን ሳብ አደረግሁት። ቀስ ብላ እጄን ከክንዷ ላይ አነሳችና ጉልበቷ ላይ ይዛው ቆየች። ነርሷ ደግማ ጠራች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ጀመር። እኔ እየለመንኳት ነበር፤ ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መሐላው እንደተፈታ ነገርኳት፣ የቀኙ ገና እንደሚያይ ነገርኳት፣ ሐኪሙ እየጠበቀ እንደሆነ ነገርኳት።

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ በቁጣ ሳይሆን ከልቧ ማወቅ እንደፈለገ ሰው፣ «ማንን ለማየት ብዬ ነው?» አለችኝ።

እኔን ነው የጠየቀችኝ፣ ጋሼ።